ከጋሽ ንጉሤ ሬዲዮ የተቆረጠው ማይክ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ከመስኮቴ ሥር ስለተተከለ እኔም አራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሳልጠራ ታድሜ ዋልኩ። የድምፅ መሣሪያውን የሚያሰናዳው ጎረምሳ ማይኩን በጣቱ ኳ ኳ ኳ አደረገና «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቴስት» ከማለቱ ግቢውን የሚሰነጥቅ ፉጨት ተነሳ። ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ደግሞ ሳላስበው ከላይ ሆኜ «ማይክ አይመታም!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ምን ላድርገው እማማ፣ ልሳመው?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም። «ማይክ አይመታም» የምትለው ቃል የእኔ አይደለችም፤ የጋሽ ንጉሤ ናት። «ማይክ ጆሮ ነው፣ ፀዳለ። ሰው ከማነጋገሩ በፊት ጆሮውን በጥፊ የሚል ማን አለ?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ወጥ አሮብኛል፤ ሙሽሮቹ መቼ እንደወጡም አላየሁም።

ጋሽ ንጉሤ ማን ነበሩ ለምትሉኝ፣ ጌጃ ሰፈር ከእኛ ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ የሚኖሩ፣ ሚስታቸውን በጊዜ የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ጡረተኛ ናቸው። እንጀራቸው የስልክ ጥገና ነበር፤ ፍቅራቸው ግን ሬዲዮ። ሬዲዮ ስል የሚሰማውን አይደለም፤ እሱማ ያኔም በየቤቱ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚናገረውን ነው የምላችሁ። ፈቃድ አውጥተው፣ እንደ መኪና ሰሌዳ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የራሳቸው መጠሪያ ተሰጥቷቸው፣ ከዚያች ጭቃ ቤት ሆነው ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር ያወራሉ። ደሞዝ የለው፣ ንግድ የለው፤ ለፍቅር ብቻ። «ታዲያ ምን ታወራላችሁ?» ብላቸው «ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ጉልበታችን ሕመም» አሉኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ድካም። ዛሬ ልጆቼ በስልካቸው ከዓለም ዳር ካለ ሰው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ሲያወሩና በሁለተኛው ደቂቃ ሲሰለቻቸው ሳይ፣ ስለ ዝናብ ለመነጋገር ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ሁለት ሽማግሌዎች ትዝ ይሉኛል።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ ካልተዘረጋ ሱሪ የማይባልበት ጊዜ ነው፤ የዋለ ያደረ ሥራችን ጠባቡን እየተረተርን፣ ከጎኑ ጨርቅ እየጨመርን ማስፋት ነበር። እኛ ልጃገረዶቹ ደግሞ ከጉልበት በላይ አሳጥረን እንለብስና የአባቶቻችን ደጃፍ ስንደርስ ነጠላችንን ወደ ታች እንጎትታለን። ፊት ለፊታችን ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ያንኑ አንድ ሸክላ ቀኑን ሙሉ ስለሚያዞር፣ ወደድንም ጠላንም መርፌያችን በዘፈኑ ምት ትወጋ ነበር። ውይይት ታክሲ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ወደ መርካቶ ስንሄድ የማናውቀውን ሰው ትዳር ሳናስታርቅ አንወርድም። አሁን በዚያ ማዕዘን ባለመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ሳልፍ መስታወቱ ውስጥ የማየው የራሴን ሽበት ነው።

ጋሽ ንጉሤ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ አንድ ቀን። ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንዴ ሳሳልፍ አዩኝና ቆሙ።

«ይቺ እጅ አትንቀጠቀጥም?»

«ምን ሆና ትንቀጠቀጣለች፣ ጋሼ?»

«የእኔ ዓይን ከድቶኛል። ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነገር የሚበይድልኝ ሰው አጥቼ ነው የምዞረው።»

እንዲህ ነው የገባሁበት። ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ነገር ቢኖር እንደሚይዝ ነው። ግን ሬዚስተር የሚሏቸውን ትንንሽ ዕቃዎች ዘርግተው፣ ወገባቸው ላይ ያለውን የቀለም ቀለበት ሲያሳዩኝ፣ ቡኒ፣ ቀይ፣ ብርቱካን፣ «ይሄማ ጥለት ነው!» አልኩ። ከልጅነቷ ጀምራ ክር በቀለም ስትለይ ለኖረች ሴት ይሄ ምን ይከብዳታል? ቅዳሜ ከሰዓት ስፌት ቤቱ ሲዘጋ እሳቸው ጋ መዋል ጀመርኩ። እናቴ መጀመሪያ ጠርጥራ ነበር። መጥታ በር ላይ ቆማ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የብየዳ እርሳስ ሳቀልጥ፣ እሳቸው በአጉሊ መነጽር ጣቴን ሲከታተሉ አየችና «እኔስ ሌላ መስሎኝ፤ ይሄ እንኳ ዕብደት ነው» ብላ ተመለሰች።

ሬዲዮዋ ከሀገር የወጣ አንድ ፈረንጅ የተወላቸው ነበረች፤ ማይክ ግን አልነበራትም። ጋሽ ንጉሤ ከተዘጋ አዳራሽ ዕቃ መሃል እንደ ካውያ የሚከብድ ማይክ አገኙ። ሲሰኩት ማይኩና ሬዲዮዋ አልተስማሙም። «አንዱ ሰፊ ቱቦ፣ አንዱ ጠባብ ቱቦ ነው። ዝም ብለሽ ብታገናኚያቸው ውሃው መሃል ላይ ይፈሳል» አሉኝ። ሞምባሳ ያለው፣ ኋላ ወዳጃቸው የሆነው ሳሊም በመጀመሪያው ቀን «ንጉሤ፣ ከጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የምታወራው?» አላቸው። ሳሊም በወደቡ ክሬን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሁለቱም እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለነበር በደንብ ይግባቡ ነበር፤ እኔ እንኳ በጊዜ ብዛት ሁሉንም መከተል ቻልኩ። እናም ከሞተች የኪስ ሬዲዮ አንዲት የምስማር ራስ የምታህል ትራንስፎርመር አውጥተን በማይኩና በሬዲዮዋ መሃል አስገባን። ጎኗ አንድ ትራንዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር፣ ጥቂት ጥለት። ሁሉንም በታጠበ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ከደንነው። ማይኩ የአዳራሽ ስለነበር መጫኛ ቁልፍ የለውም፤ ከስፌት ቤታችን ከተጣለ የኤሌክትሪክ ማሽን የእግር መርገጫ አመጣሁላቸውና ውስጡን አውጥተን የደወል ቁልፍ ከተትንበት። ሲረግጡ ሬዲዮዋ ትናገራለች፤ ሲለቁ ትሰማለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳሊም «አሁን ጎኔ ተቀምጠህ ነው የምታወራኝ» ሲል፣ እኔ ሠርቼ እንደዚያ የኮራሁበት ልብስ የለም።

ሰው ሬዲዮ ሲያስብ ጉልበቱን ነው የሚያስበው፣ ስንት አገር ዘልቆ ይሄዳል ነው የሚለው። ጋሽ ንጉሤ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት ማይኩ በሚገባበት በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው። «ከማይክ የምትወጣው ኤሌክትሪክ የትንኝ ትንፋሽ ናት» ይላሉ። «የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር ተቀብላ ታሳድጋታለች። አብሯት የገባ ቆሻሻም አብሯት ያድጋል። መውጫ ላይ ያበላሸሽውን ታርሚዋለሽ፤ መግቢያ ላይ ያበላሸሽውን ግን ሞምባሳ ድረስ ትልኪዋለሽ።» ለዚህ ነው የማይክ ገመድ ተራ ሽቦ የማይሆነው። መሃል ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ በላይዋ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሌላ ሽቦ ይለብሳታል። ሹሩባው ከሬዲዮዋ አካል ጋር ይታሰራል፤ በቤቱ ውስጥ የሚዞረውን የመብራት ንዝረት እሱ ተቀብሎ ወደ መሬት ያወርድላታል። ገመዱ ከተበጠሰና ጫፉ ከተገለጠ ያቺ ቀጭን ሽቦ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች፤ የመብራቱን፣ ከማዶ ያለውን የወፍጮ ቤት ሞተር። «ክፍት የቀረ የማይክ መግቢያ ዝም አይልም» ይሉ ነበር።

አሁን እትዬ ዘነቡን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ዘነቡ የጋሽ ንጉሤ የአጥር ጎረቤት፣ የሰው ልብስ እያጠቡ አንዲት ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ድምፃቸው ያለ ምንም መሣሪያ ሞምባሳ የሚደርስ ሴት ነበሩ። የጋሽ ንጉሤ አንቴና ከጣሪያቸው ተነስቶ በእትዬ ዘነቡ ግቢ ላይ አልፎ ባሕር ዛፉ ላይ ይታሰራል። ረጅም፣ የተወጠረ፣ ፀሐይ የሚያገኝ የመዳብ ሽቦ። ልብስ አጣቢ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይዘረጋል? እርጥብ ጋቢ ሲሰጣበት የአንቴናው ልክ ይዛባና የወጣው የሬዲዮ ሞገድ ተመልሶ በማይኩ ገመድ ይገባል፤ የጋሽ ንጉሤ ድምፅ ጉልግል፣ ጉልግል ይላል።

«ዘነቡ! ጋቢውን አውርጂ! ሰው እያነጋገርኩ ነው!»

«አንተ ሰውህን ሞምባሳ አስቀምጠህ እኔ ጋቢዬን የት ላስጣ?»

«ገመድ አይደለም እኮ፣ አንቴና ነው!»

«ልብስ ከያዘ ገመድ ነው! ደግሞ ትናንት ነክሶኛል፣ ጣቴን እየው! ከነክትባቱ ትከፍለኛለህ!»

እውነትም እየተናገሩ ሳለ የነካው ሰው ላይ ሽቦው እንደ መቆንጠጥ ያደርግ ነበር። ሳሊም ይሄን ሁሉ ሰምቶ ሰምቶ የእትዬ ዘነቡን ስም ከነጠባዩ አወቀው። ድምፅ ሲበላሽ «ንጉሤ፣ ዛሬም ዘነቡ አጥባለች መሰለኝ፤ ውሃ እየተጉመጠመጥክ ነው» ይላል። ድምፁ ጥርት ሲል ደግሞ «ምነው፣ ዘነቡ ታመመች እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ዘነቡ ይሄን ሲሰሙ «የባሕር ሰው እንኳ አውቆኛል፤ እዚህ ያሉት ናቸው ስሜን የማያውቁት» ብለው በሳምንቱ አንድ ጋቢ ቀንሰው አሰጡ። አንድ ብቻ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ስለ ዘመኑ ብዙ አልልም፤ የኖረበት ያውቀዋል፣ ያልኖረበት አያምነውም። ሱሪውም ጠበበ፣ ሙዚቃ ቤቱም ሌላ ሸክላ ያዘ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ወደ ጋሽ ንጉሤ ቤት መጡ። ፈቃዳቸውን አወጡላቸው፤ አላዩትም። አንደኛው ሬዲዮዋን ዞሮ ዞሮ ተመለከታትና «የምትናገረው በየቱ ነው?» አላቸው። ጋሽ ንጉሤ ውሸት አያውቁም፤ ማይኩን አሳዩት። ሰውዬው ከኪሱ ፒንሳ አወጣና ገመዱን ከመሃሉ ቀጨው። «ምላሱን ወስደናል፤ ሣጥኑ እዚያው ይቀመጥ» አለ። ሬዲዮዋን ያልወሰዱት ስለከበደቻቸው ይሁን፣ ያለ ማይክ የሞተች መስሏቸው ይሁን አላውቅም። ጋሽ ንጉሤን ግን ከማይኩ ጋር ወሰዷቸው።

ታስረው ሰነባብተው «ዋስ ጥሩና ይውጡ» ተባለ። እናቴና እኔ ስንዞር ዋልን። የወንድማቸው ልጅ ከከተማ ወጥቷል አሉን። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው በር ሳይከፍት በመስኮት አነጋገረን። የእድራችን ዳኛ ደግሞ እንባ ባቀረረ ዓይን «ልጆች አሉኝ፣ አትፍረዱብኝ» አሉ፤ አልፈረድንባቸውም። እትዬ ዘነቡ ግን ማንም ሳይለምናቸው፣ የሳሙና አረፋውን ከክንዳቸው በቀሚሳቸው ጠርገው ሄዱ። አሳሪዎቹ «ይህ ሰው ዳግመኛ በሬዲዮ ከተነፈሰ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» ብለው አስረድተዋቸዋል። እትዬ ዘነቡ የዋስትናው ወረቀት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ጋሽ ንጉሤን ይዘው መጡ። እግራቸው ቤት ከመግባቱ «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ! የሞተ ሰው ሽቦ ግቢዬ ላይ እንዳይቀር ነው!» እያሉ ጮሁባቸው። ጋሽ ንጉሤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጋቢ ተናግረዋቸው አያውቁም።

የተቆረጠችው ሬዲዮ ግን መስማት አላቆመችም። ቅዳሜ ከሰዓት ከፈትናት። ሳሊም ነበር። «ንጉሤ፣ ንጉሤ፣ ትሰማኛለህ? ስንት ሳምንት ሆነ። ታመሃል? ወይስ ዘነቡ የከተማውን ልብስ ሁሉ ሰበሰበች?» ብሎ ሳቀና «ኦቨር» አለ። ኦቨር ማለት እኔ ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። የጋሽ ንጉሤ እጅ ጭናቸው ላይ ነው። እግራቸው ግን፣ ስንት ዓመት የለመደ እግር፣ ኦቨር ሲባል መርገጫውን ረገጠ። እኔም አላየሁም፣ እሳቸውም አላወቁም። ከሬዲዮዋ ጎን የተንጠለጠለው የተቆረጠ ገመድ ክፍት ነበር፤ የመብራቱንና የወፍጮ ቤቱን ንዝረት ለቅሞ በቲማቲም ቆርቆሮዋ አሳድጎ ላከው። እግራቸውን ሲያነሱ የሳሊም ድምፅ ሌላ ሆኖ መጣ።

«አንድ ንብ ሰማሁ። ልክ ባንተ ቦታ ላይ የምትጮህ ንብ ሰማሁ። ንጉሤ፣ አንተ ከሆንክ ሁለት ጊዜ ርገጥ። ሁለት ጊዜ ብቻ። ኦቨር።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ይርገጡ! መናገር እኮ አይደለም፤ መርገጥ ነው። ቃል አልወጣዎትም።»

«ዘነቡን የሚያሳስራት ሰው ይሁን ንብ፣ ማን ይለያል?» አሉ።

«ማን ይሰማል?»

«ሞምባሳ ያለ ከሰማ፣ እዚህ ያለ አይሰማም?»

በመስኮቱ አሻግረው ተመለከቱ። እትዬ ዘነቡ የአንድ ሰው አንሶላ እየጨመቁ ነበር፤ ልጃቸው ጫፉን ይዛላቸዋለች። ጋሽ ንጉሤ ጥቂት አዩዋቸውና «መበየጃውን አግዪው» አሉኝ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ስለገባኝ አልነካም አልኩ። የመጀመሪያም የመጨረሻም እንቢታዬ ነበር። ራሳቸው አጋሉት። በዚያ በደከመ ዓይናቸው የገመዱን ጅራት ላጡ፣ መሃለኛዋን ቀጭን ሽቦ ከሹሩባው ጋር ጠመዘዙና እርሳስ አንጠባጠቡበት። አውራ ጣታቸው ሲጠበስ ሸተተኝ። እንዲህ ሲሆን የገባው ሁሉ እዚያው ወደ መሬት ይወርዳል፤ እግር ቢሳሳት እንኳ ወደ ውጭ የሚሄድ አንዳች ድምፅ የለም። «እግሬን አላምነውም» አሉኝ። ሳሊም ያን ጊዜ ሁሉ እየጠበቀ ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ ንብ ብቻ ኖራ ይሆናል» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ግን ምናልባት ትሰማኝ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ዝናቡ ልንገርህ» አለ።

ነገረን። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። ዓመታት ነው የምላችሁ። መልስ የማይሰጠውን ሰው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ ጋብቻ፣ ስለ ጉልበቱ ያወራዋል። ጋሽ ንጉሤ ከፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ሳሊም ኦቨር ሲል መርገጫውን ይረግጣሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሱለታል፤ ወደተዘጋችው ቀዳዳ። «የእኔ ጉልበት እንኳ ዘንድሮ ብሶበታል። ኦቨር።» ሳሊም «ዘነቡስ?» ይላል። «ደህና ናት፣ ዛሬ አንሶላ ነው። ኦቨር።» ሳሊም ይሄን አልሰማም፤ ግን መልስ የሚሰጥበትን ያህል ጊዜ ጠብቆ ነበር ወሬውን የሚቀጥለው፤ ተራ አይቀማም። እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማቸዋለሁ። ለማያውቅ ሰው ሁለት ወዳጆች የሚጨዋወቱ ነው የሚመስለው። ባል አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጄን አዝዬ እየሄድኩም ያው ነው። አንዳንዴ ያቺን የእርሳስ ጠብታ እያየሁ በመበየጃ ጫፍ አንድ ጊዜ ብነካት ትቀልጣለች እላለሁ። ግን የእትዬ ዘነቡ ጣት ነው ያረፈው፤ የእኔ አይደለም።

የሳሊም ድምፅ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጠፋ፣ ሌላም ቅዳሜ። ከዚያ መርገጫው ሥራ ፈታ።

ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ። «ማይክዎትን ይውሰዱ» ተባሉ። ማይኩ ለካ በዚያ ሁሉ ዓመት በስብሰባ አዳራሽ ሲጮህበት ኖሯል፤ ወንፊቱ ተጣሟል፣ አንገቱ በፕላስተር ተጠምጥሟል። እርሳሱን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ገመዱን ቀጠልኩ፣ ቆርቆሮዋን ከፍቼ የደረቀውን ካፓሲተር ለወጥኩ። ጋሽ ንጉሤ ያን ቅዳሜ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ተላጭተው ነበር የጠበቁኝ። ጠሩ። «ሳሊም፣ ሳሊም፣ ንጉሤ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። ኦቨር።» ጥቂት ቆይቶ የወጣት ድምፅ መለሰ፤ ሞምባሳ ያለ ሌላ ሰው ነው። «ሳሊምን ነው? ሳሊም እኮ አርፏል፣ ነፍሱን ይማረው። ያውቁት ነበር? ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም የማይመልስለትን ሰው ያወራ ነበር። እኛ ወጣቶቹ ስንቀልድበት ‹ይሰማኛል› ይለን ነበር። ማን እንደሆነ ግን ደርሰንበት አናውቅም። ኦቨር።»

«እኔ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ንጉሤ። እግራቸው ግን መርገጫው ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮዋን ሲከፍቱ አላየኋቸውም። እሳቸውም ብዙ አልቆዩ። የወንድማቸው ልጅ መጣና የማይሸጠውን ለቆራሌው ሰጠው፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ቆርቆሮዋም፣ ማይኩም፣ ሬዲዮዋም ሄደዋል። ቆይቶ ሰፈሩም ፈረሰ። እኔ ዕጣ ልደታ ላይ ወጣልኝና እግሬን እንኳ ሳልነቅል ቀረሁ፤ እትዬ ዘነቡ ግን ከከተማው ዳር ደረሳቸውና ተለያየን። አሁን የጋሽ ንጉሤ ቤት በየት በኩል እንደነበር ልጆቼን ላሳያቸው ብሞክር መኪና ማቆሚያ መሃል ቆሜ «እዚህ፣ አይ፣ እዚያ» እላለሁ።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በሠርጉ ማይክ ብቻ አይደለም። ባለፈው ግንቦት፣ በልደታ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ተደግፈው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ነው ያስታወቀኝ፤ የሚያልፈውን ሁሉ «እግራችሁን አንሱ፣ ሰው አለ እዚህ!» ይሉ ነበር። ተሳሳምን፣ ተላቀስን፣ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ስለ ሙታኑ አንድ በአንድ ስናወራ ጋሽ ንጉሤ ላይ ደረስን።

«እንደዚያ የሚያናድድ ሰው ዳግመኛ አላገኘሁም» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ከስንት ዘመን በኋላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ ፀዳለ። ያኔ ሲያወራ እሰማው ነበር።»

«ምን ይሰሙ ነበር?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነዋ! አጥሩ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፤ ምን ይደበቃል? ‹ደህና ናት፣ ዛሬ አንሶላ ነው› ሲለው ጠፍቶኝ ነው? እንዳላወቀ ሆኜ ሳጥብ እውላለሁ። ጠግቦ አወራ አይደል? ሰውዬውስ ደስ አለው?»

ፊታቸው በርቷል። እንዲህ ያለ ኩራት ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም። አዎ ብል ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ የምጠይቀው ይሄንን ነው። ግን ጋሽ ንጉሤ ያን ያደረጉት ለማን እንደሆነ እትዬ ዘነቡ ሳያውቁ እንዲቀሩ አልሆነልኝም።

«አልወጣም፣ እትዬ ዘነቡ» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ድምፃቸው። መግቢያውን ራሳቸው በእርሳስ ደፍነውት ነበር። እዚያው ቤት ውስጥ ነው የቀረው። ሳሊም አንዲት ቃል ሳይሰማ ሞተ። እርስዎ እንዳይታሰሩ ብለው ነው።»

 ምእመኑ በጎናችን እየተጋፋ ይወርዳል፤ እትዬ ዘነቡ አሁን አንዱንም ሰው «እግርህን አንሳ» አላሉትም። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ከበሩ ኋላ ዘንቢል ነበረኝ» አሉ። «ብርድ ልብስ፣ ቅያሪ ቀሚስ፣ በጣሳ በሶ። በሶው ሲነቅዝ እየደፋሁ አዲስ እሞላለሁ። ልጄን ለእህቴ አደራ ብዬ ጨርሼ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሱ ማውራት ሲጀምር ዘንቢሉን ወደ በሩ ሳብ አደርገዋለሁ፤ ሊወስዱኝ ሲመጡ እንዳላስጠብቃቸው።»

እጃቸውን ያዝኳቸው። በሳሙና ያለቀው መዳፍ ቀዝቅዟል።

«ዋስ የሆንኩት ዝም እንዲል መች ነበር?» አሉኝ። «አይ ንጉሤ። እኔ እኮ ተሰናድቼ ነበር።»